እስከ ፍልሰታ ያየናቸው ፊልሞች

ሐምሌ ጎንደር ላይ ከቤት አያስወጣም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ይጠቁራል፤ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን ጠጠር ይመስላል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የማርመው የፈተና ወረቀትም አልቋል። እማዬ ጉልበቷን ካመማት ወር አልፏታል። ሐኪሙ «ደረጃና ዳገት ይቅርብሽ» ብሏታል። ጎንደር ውስጥ ዳገት ይቅርብሽ ማለት ቤት ተቀመጪ ማለት ነው። እሷ ደግሞ ቤት መዋል አይሆንላትም። ገበያ ካልወጣች፣ ጎረቤት ቡና ካልጠጣች ትቆጣለች። የምትቆጣውም እኔን ነው። ስለዚህ ፊልም ማየት ጀመርን።

ፊልሞቹን የማስጭነው ፒያሳ ነው። ፍላሽ ይዤ የምሄድበት አንድ ልጅ አለ። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ለብዙዎቻችን ሲኒማ ቤታችን እሱ ነበር። አሁን ኔትወርኩ ቢመለስም ልማዱ አልለቀቀኝም። ልጁ እንደ ሥጋ ሻጭ በመጠን ነው የሚያስበው። መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ፍላሹ ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «አክሽን ነው የህንድ?» ይላል።

«ከእኛ አገር ጋር የሚነካካ ነገር እፈልጋለሁ፤ ጎንደርንም ቢሆን» አልኩት።

«የጥምቀት ቪዲዮ አለኝ።»

የፊልሞቹን ስም በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። በማግስቱ ሦስቱን አግኝቶልኝ ነበር። አራተኛውን ከአንድ ዘመዴ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ።

ስለ እማዬ ትንሽ ልበል፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም። ልጅነቷ በወለቃ በኩል ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው መንደር። ዛሬ ቱሪስት መጥቶ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች የሚገዛባት፣ ያኔ ቤተ እስራኤሎች፣ የአይሁድ እምነት ያላቸው ኢትዮጵያውያን፣ የሚኖሩባት። እማዬ የመጀመሪያ ምጣዷን የገዛችው ከእነሱ ነው። ምጣዱን እንዴት በጎመን ዘር እንደምታሟሸው ያሳየቻትም ሻጯ ራሷ ናት። በ1976 ዓ.ም. እማዬ አዲስ ሙሽራ ነበረች። አንድ ቀን ሌላ ምጣድ ልትገዛ ስትሄድ የሴትዮዋ ቤት ባዶውን ጠበቃት። ይህን ታሪክ ሰምቼዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ስለ ምጣዱ ነው የምታወራው። ስለ ሴትዮዋ ብዙም አትልም።

መጀመሪያ ያየነው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔትፍሊክስ ያወጣው። ታሪኩ እውነተኛ መነሻ አለው። የእስራኤል ሰላዮች ሱዳን ቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ የውሸት የመዝናኛ ሆቴል ከፍተው፣ ቀን ቱሪስት እያስተናገዱ፣ ሌሊት ቤተ እስራኤሎችን በጀልባ ያስወጡ ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ይዞ አሰልቺ ፊልም መሥራት ራሱ ችሎታ ይጠይቃል። ዋናው ተዋናይ ክሪስ ኢቫንስ ነው፣ ካፒቴን አሜሪካ የሆነው። ሸሚዙን ለብሶ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። የእኛን ሰዎች የሚመራውን ከበደ የሚባለውን ገፀ ባሕርይ አሜሪካዊው ማይክል ኬ. ዊሊያምስ ነው የተጫወተው። ነፍሱን ይማረውና ጎበዝ ተዋናይ ነበር። እዚህ ግን ብዙ ቦታ አልሰጡትም። ቀረጻውም ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው።

እማዬ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ ማየት ለምዳለች። «ይሄኛው ፈረንጅ አማርኛ አይችልም እንዴ?» አለችኝ። ስለዚህ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይሞላ ሌላ ጥያቄ መጣ።

«እኒህ የሚሮጡት ሰዎች ስም የላቸውም?»

«የከበደን ሰማሽ አይደል?»

«የሌሎቹስ?»

መልስ አልነበረኝም። ሴቶቹ ይሮጣሉ፣ ሕፃናቱ ያለቅሳሉ፣ ካሜራው ግን ተመልሶ ፈረንጆቹ ጋ ነው። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ተኛች። ፊልሙን ብቻዬን ጨረስኩት። ብቻዬን ሳየውም አልጣመኝም።

በሁለተኛው ጊዜ ነው ነገሩ የተቀየረው። «ላይቭ ኤንድ ቢካም» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ። ዳይሬክተሩ ራዱ ሚሃይሌኑ ሩማንያ ተወልዶ ፈረንሳይ የሚኖር ሰው ነው። ሱዳን ስደተኞች ጣቢያ ውስጥ አንዲት ክርስቲያን እናት የ9 ዓመት ልጇን ቤተ እስራኤል ነኝ ብሎ እንዲሄድ ታስገድደዋለች። ልጇ የሞተባት አንዲት ሴት የራሷ አስመስላ ትወስደዋለች። ልጁ እስራኤል ገብቶ ሌላ ስም፣ ሌላ ሃይማኖት፣ ሌላ ቤተሰብ ይዞ ያድጋል። የሙሴ ዘመቻ የሚባለው ነው፤ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ወደ 8,000 ሰው በአውሮፕላን የወጣበት። ሱዳን ለመድረስ በእግር ሲጓዙና ጣቢያው ውስጥ እንዳሉ የሞቱት ደግሞ ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይነገራል።

አንድ ትዕይንት ልንገራችሁ። ልጆቹ እስራኤል እንደደረሱ ገላቸውን ያጥቧቸዋል። ከላይ ውሃ ይወርዳል። ልጁ እግሩ ሥር ያያል። ውሃው ወደ ቀዳዳው ይገባል። ልጁ ይደነግጣል፤ ተንበርክኮ ውሃው እንዳይሄድ በእጁ ሊያግደው ይታገላል። ተንከባካቢዎቹ ምን እንደሆነ አይገባቸውም።

ይህን ስናይ ውጭ ዝናቡ አሸንዳውን ሞልቶ በርሜላችን ውስጥ ይወርድ ነበር። እኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው። ተራውን ረስቶ የሚያልፍበት ሳምንትም አለ። ጓዳችን በቢጫ ጀሪካን የተሞላ ነው። እማዬ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ልክ ነው ልጁ» አለች። «ምን ያስቃቸዋል?»

ማንም አልሳቀም ነበር። ግን ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቃል ሳይተረጎም አላሳልፍ አለችኝ። ፊልሙ ዕብራይስጥና ፈረንሳይኛም አለበት። ከሥር ያለውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ ነበር የምነግራት። ሲረዝምብኝ አሳጥራለሁ። ያዘችኝ። «እሱ ይህን ሁሉ ሲናገር አንቺ ሁለት ቃል ነው የምትዪኝ። የቀረውን ማን ወሰደው?» ልጁ ጨረቃዋን እናቱ አድርጎ ሲያናግራት ግን ትርጉም አልፈለገችም። አማርኛ ነዋ።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። መሐል ላይ ይንዛዛል። ልጁ ካደገ በኋላ ፍቅሩም፣ ፖለቲካውም፣ ሐኪምነቱም በአንድ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ሙዚቃው ደግሞ አልቅሱ አልቅሱ ይላል። እኔ እንዲህ ሲጎተጉቱኝ እምቢ እላለሁ። መጨረሻው ላይ ግን እናትየዋ አንድ ጩኸት አላት። ምንም ሙዚቃ ሊሸፍነው አይችልም። እንዴት እንደሚሆን አልነግራችሁም፤ እዩት።

እማዬ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ለራሷ ይሁን ለእኔ «እሷስ ደርሳ ይሆን?» አለች። ማን እንደሆነች አልጠየቅኳትም። የዚያን ቀን ማታ ምጣዱን አውርዳ በጎመን ዘር ስታሟሽ አገኘኋት። እንጀራ የምንጋግርበት ቀን ግን አልነበረም።

እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ አንድ አቋም ነበረኝ። ስለ እኛ ፈረንጅ የሠራው ፊልም አይረባም፣ የእኛ ሰው የሠራው ይሻላል የሚል። መምህራን ክፍል ውስጥ ስንቴ ተሟግቼበታለሁ። አሁን መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ግራ ገብቶኛል። ሁለቱንም የሠራው የውጭ ሰው ነው፤ አንዱ እማዬን አስተኛት፣ አንዱ ደግሞ እንቅልፍ ነሳት።

ሦስተኛው «ላምብ» ነው፣ የያሬድ ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፊልም ፌስቲቫል በይፋዊው ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ስለ እሱ ብዙ አልልም፣ ደስ ብሎን ነው ያየነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ ቹኒ የምትባል በጉን ይዞ ዘመድ ቤት ይቀመጣል። አጎቱ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል። ልጁ ማረሱ ላይ የለበትም፤ ምግብ መሥራት ላይ ግን እጁ ያምራል። ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል። እማዬ በሊጡ ላይ አስተያየት ነበራት፣ «ወፍሯል»። ታናሽ ወንድሜ ልጅ ሳለ ሽሮ ሲያማስል ጎረቤቶች የሳቁበትን አስታወሰችና እሷም ሳቀች። ወዲያው ደግሞ «እኔም ስቄበት ነበር» አለች።

የመጨረሻው «ጤዛ» ነው። ለእሱ ተዘጋጅቼ ነበር። ቡናው ቀድሞ ተፈላ፣ ፈንዲሻውም ቀረበ። ኃይሌ ገሪማ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1946 እዚሁ ጎንደር ነው። ይህን ስነግራት እማዬ ብዙም አልገረማትም። አባቱ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት ገሪማ ታፈረ መሆናቸውን ስነግራት ግን ነጠላዋን አስተካከለች። አያቴ መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የሚያስቀምጠው።

«የገሪማ ልጅ ነው? ታዲያ መጀመሪያ አትነግሪኝም!»

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር የሚባል ምሁር ጀርመን ተምሮ፣ አንድ እግሩን እዚያ አጥቶ፣ በደርግ መጨረሻ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። እናቱ ጠብቃዋለች። እሱ ግን የተመለሰበትን አገር አያውቀውም።

እዚህ እኔ አስተርጓሚነቱ ቀረልኝ። ሌላ ሥራ ግን መጣብኝ። ፊልሙ ከመንደር ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ ይዘላል፤ ተመልሶም ወደ ልጅነቱ ይሄዳል። በየአምስት ደቂቃው «አሁን የት ነው ያለው?» እባላለሁ። አንዳንዴ እኔም አላውቅም ነበር። ተማሪዎቹ ስለ አብዮት የሚከራከሩባቸው ቦታዎችም ይረዝማሉ፤ ፊልሙ ራሱ 140 ደቂቃ ነው። ኃይሌ ተመልካቹን አይለማመጥም። ከፈለግህ ተከተለኝ ብሎ ነው የሚሄደው። እኔ ይህን እወድለታለሁ፣ ባይገባኝም።

ወጣቶቹ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ሲደበቁ እማዬ መጠየቅ አቆመች። ስኒውን አስቀመጠች።

«እኛ ጎታ ውስጥ ነው የደበቅነው» አለች።

«ማንን?»

«አጎትሽን ነዋ! ሁለት ቀን። በቆሎ አፍስሰን እሱን ከተትነው። ሲያስለው እኔ ውጭ ሆኜ አብሬ እስላለሁ፣ የእኔ እንዲመስል።»

ይህን ከ30 ዓመት በላይ አልነገረችኝም። አጎቴም አልነገረኝም፤ በየበዓሉ እየመጣ ስለ ኳስ ብቻ ነው የሚያወራው።

ፊልሙ ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው መብራት ሄደ። ሐምሌ 30 ነበር። እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ሻማ አብርተን ጠበቅን፣ አልመጣም። በማግስቱ ፍልሰታ ገባ። እማዬ ቴሌቪዥኑን ዳንቴሉን አለበሰችው። እስከ ነሐሴ 16 አይገለጥም።

ዛሬ የፍልሰታ አምስተኛ ቀን ነው። ከሰዓት ከቅዳሴ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ጉልበቷን እያሸች ቆየችና ጠጋ አለችኝ።

«ያቺ አዛኑ የሚሏት፣ መንደሩ ያገለላት፣ እናትየዋ ያስጠጋቻት» አለችኝ በሹክሹክታ፣ ሹፌሩ እንዳይሰማ። «ምን ሆነች?»

«ጾም ነው ብለሽ አይደል የዘጋሽው?»

«እኔ ልየው አልኩ? ንገሪኝ ነው ያልኩት።»

«16 ይድረስ።»

ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ቤት እስክንደርስ አላናገረችኝም።