መድፉ ሳይደርስ ያለቀ ምሽግ

አንድ የግል ሰብሳቢ ለምሠራበት የሞዴል ወርክሾፕ ያዘዘው ዳዮራማ (አንድን ትዕይንት ከነመሬቱ አሳንሶ የሚያሳይ ሞዴል)፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1942 በግብፅ ኤል አላሜይን ግንባር የተሰለፈን የእንግሊዝ ባለ 25 ፓውንድ (በጥይቱ ክብደት የተሰየመ) መድፍ ከነምሽጉና ከነተኳሾቹ በ1 ለ35 መጠን የሚያሳይ ነበር። የመድፉ ሞዴል ጉምሩክ ላይ ስለዘገየ፣ የመሬቱን ሥራ የያዘው ባልደረባችን ጊዜ እንዳይባክን ብሎ ከፎቶግራፍ ብቻ በመነሣት ጉድጓዱንና የአሸዋ ከረጢቱን ካብ ጨርሶ ጠበቀን።

ካቡ በእርግጥ ያምር ነበር። ከረጢቶቹን ከኢፖክሲ ፑቲ (እንደ ሊጥ ተለውሶ ከሚደርቅ ማጣበቂያ) እያድቦለቦለ ከቆረጠ በኋላ፣ ፑቲው ሳይደርቅ የቁስል ፋሻ እየተጫነ የጆንያውን ሽመና አትሞባቸዋል፤ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን መጋጠሚያ እንዲሸፍን እንደ ብሎክ ግንብ አፈራርቆ ደርድሯቸዋል። ብዙ ሞዴል ሠሪ የሚዘነጋውን የከረጢቱን የታሰረ አፍ እንኳ ወደ ካቡ ውስጥ አዙሮ ደብቆታል።

መድፉ መጥቶ ሲቀመጥ ግን ሩብ ዙር ሳይዞር ጅራቱ (ከኋላው መሬት ላይ የሚያርፈው ረጅም ብረት) ካቡን መታ። ይህ መድፍ ከሥሩ ክብ የብረት መድረክ ስላለው፣ መንኮራኩሮቹ በመድረኩ ላይ እየተንከባለሉ አንድ ሰው ብቻውን ጅራቱን ይዞ ሙሉ ዙር ሊያዞረው ይችላል። በበረሃው ጦርነት ደግሞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከመተኮሱ ሌላ፣ ከየትኛውም ወገን ብቅ የሚልን ታንክ በቀጥታ አልሞ መምታት ይጠበቅበት ስለነበር፣ ምሽጉ ሰፊና ክብ፣ ካቡም ዝቅ ያለ መሆን ነበረበት። የእኛ ካብ አፈሙዙን አግድም ለማድረግ እንኳ አያስችልም ነበር፤ የመድፉ ቁመት በዚህ መጠን ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥምና።

«ጋሼ፣ ወደ ፊት አዙረን ብናጣብቀው ማን ያውቅብናል?» አለ የቀለም ሠራተኛው፤ የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ስለነበር ሐሳቡ የሚናቅ አልነበረም። ኃላፊያችን መልስ ሳይሰጡ የመድፉን ስድስት ሰዎች ከሣጥን እያወጡ በየሥራ ቦታቸው ያቆሙ ጀመር፤ አላሚው በግራ በኩል እንደምንም ቢገባም ጥይት አቀባዮቹ መቆሚያ አጡ። «እነዚህን የት ላድርጋቸው?» ሲሉ ክርክሩ አበቃ።

የውስጡን ካብ በመጋዝ ቆርጠን ጉድጓዱን አሰፋን፤ ከተነሡት ከረጢቶች ደኅናዎቹን ከመድፉ ራቅ ላለው የጥይት ማስቀመጫ አዋልናቸው። በኤል አላሜይን በብዙ ቦታ አሸዋው ስስ ሆኖ ከሥሩ ዐለት ስለሚገኝ፣ ወታደሮቹ የቻሉትን ያህል ቆፍረው የቀረውን በድንጋይና በከረጢት ይክቡ ነበር፤ በመጋዙ የተጎዳውን ጠርዝ በድንጋይ ስብርባሪ መሸፈናችን ስለዚህ የማጭበርበር ያህል አልተሰማኝም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ይልቅ ቦታውን መሰለ።

ከዚያ ወዲህ በወርክሾፓችን መድፉ ጅራቱን ይዞ የሚዞርበት ክብ በካርቶን ተቆርጦ፣ የአፈሙዙም ዝቅተኛ ከፍታ ተጽፎበት ለመሬት ሠሪው ሳይሰጥ ጂፕሰም አይበጠበጥም።