ፖርቶ መጋላውን አውርደው

ሃይሉክስ ፒክአፕ ያላቸው ሰዎች ሲገናኙ ወሬው ብዙ ሳይቆይ "ያንተዋ በሊትር ስንት ትሄዳለች?" ላይ ይደርሳል። የነዳጅ ዋጋ እንዲህ ሆኖ እንዴት አይጠየቅ! ከዚያ ነገሩ ወደ ዕቃ ይዞራል። አንዱ በነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት ይመክርሃል፣ ሌላው ታንከር ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ነዳጅ የሚቆጥበው ከምትገጥምላት ይልቅ የምታነሳላት ነገር ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት "ነዳጅ ቆጣቢ" የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የሚያመጣ አላገኘም። ማግኔቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፈው።

መጀመሪያ የሚወርደው ፖርቶ መጋላው፣ ጣራ ላይ የሚገጠመው የዕቃ መጫኛ ነው። አብዛኛው ሰው የሚገጥመው ለግርማ ሞገስ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ይዞራል። ከተማ ውስጥ እየተንፏቀቅክ ብዙም አይታወቅህም። የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ስትወጣ ግን ማፏጨት ይጀምራል፣ የዚያ ፉጨት ሒሳብ የሚከፈለው ከታንከርህ ነው። ከ80 ወደ 110 ስትጨምር መኪናዋን የሚይዛት ንፋስ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ወደ አዋሽ ስትወርድ ደግሞ አየሩ ከአዲስ አበባው ስለሚወፍር ይብስበታል።

የኋላውን ስፖንዳ (የጭነቱን መዝጊያ) ከፍቶ መንዳት ይቆጥባል የሚሉትን አትስማ። ስፖንዳው ሲዘጋ ካሶኒው፣ ማለትም የጭነት ቦታው ውስጥ አየር ታፍኖ ይሽከረከራል፣ ከጣራው የሚመጣው ንፋስ በዚያ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ስትከፍተው ይህ ይበላሻል። ሸራ ካለበስክም ወጥረህ እሰረው።

ጎማ ላይ፣ ሾፌሩ በር አካባቢ ፋብሪካው የለጠፈው ምልክት አለ፤ የንፋሱ ልክ እዚያ ተጽፏል። ጎሚስታው "ስንት ልሙላ?" ሲልህ "እንደ ሌላው" አትበል። ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል አስለካ። አራቱም 10 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው) ቢጎድላቸው ወደ 2 በመቶ ነዳጅ ይሄድብሃል፣ የጎማው ዳርና ዳርም ተበልቶ ያልቃል። ትልቅ ጎማ ላስገባችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጎኑ ላይ 265/70 የተጻፈበትን ባለ 16 ጎማ ከፍ ባለው 265/75 ከቀየራችሁ ዙሪያው 3 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ቆጣሪው 97 ሲል 100 ሄዳችኋል ማለት ነው፣ ስለዚህ ጠጪ ሆነች ብላችሁ ከማማረራችሁ በፊት ሒሳቡን አስተካክሉ። ባለ ትልልቅ ጥርስ የጭቃ ጎማ ግን እውነትም ያስጠጣል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። መኪና በሞቀ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል! "እዚህ አገር አያስፈልግም" ይሉሃል። የሚያስፈልገውማ እንደ አዲስ አበባ ጠዋቱ በሚቀዘቅዝ ከተማ ነው። ሥራው ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ መዝጋት ነው። ሲወጣ ውሃው ሞተሩ ከተነሳበት ደቂቃ ጀምሮ ይዞራል፣ የሙቀት ቀስቱ መሃል ሳይደርስ አንተ ሥራ ቦታህ ደርሰሃል። ያልሞቀ ሞተር ነዳጅ ይጨምራል፣ ዘይቱም ስለማይቀጥን ይከብደዋል። ከሞቀችብህ ራዲያተሩን አሳጥብ፣ ውሃ የሚጎድልበትን ቦታ ፈልግ። አዲስ ቴርሞስታት ብዙ የሚያስወጣ ዕቃ አይደለም።

ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት መውረድስ? ካርቦራተር ላላት አሮጌ መኪና ምናልባት። የዛሬዎቹ ኢንጄክሽን ሞተሮች ግን ማርሽ ውስጥ ሆነህ ነዳጅ መስጫውን ስትለቅ ነዳጁን ጭራሽ ይቆርጡታል፣ ፎሌ ላይ ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። በዚያ ላይ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ማርሹ ካልያዘልህ የቀረህ ፍሬን ብቻ ነው፣ እሱም ግሎ እምቢ ሊልህ ይችላል።

ካሶኒው ውስጥ የተረሳውን ሲሚንቶና ብረታ ብረትም አራግፍ፤ 45 ኪሎ ያህል ሸክም 1 በመቶ ገደማ ይወስዳል።

ለውጡን ማየት ከፈለግክ የዳሽ ቦርዱን ቁጥር ተወው። ሙሉ አስሞላ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፍ፣ እንደ ወትሮህ ንዳ፣ ከዚያ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ ላይ ተመልሰህ ሙሉ አስሞላ። የሄድከውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍል። ፖርቶ መጋላው ከመውረዱ በፊትና በኋላ በዚያው መንገድ አድርገው።