ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት፦ የአንድ ቀን ሥርጭት ስደለድል የተማርኩት

ብዙ ሰው የፕሮግራም ድልደላ ማለት ጥሩ ጥሩውን መምረጥ ይመስለዋል። አሪፍ ዘጋቢ ፊልም፣ አሪፍ ድራማና አሪፍ የልጆች ዝግጅት ይዞ ተመልካች የሚያባርር ቀን መሥራት ግን በጣም ቀላል ነው። የአንድ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ የቅዳሜ ሥርጭት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት እንድደለድል ሲሰጠኝ ጊዜዬን የበሉት ዝግጅቶቹ አልነበሩም። በዝግጅቶቹ መሀል ያሉት ጥቂት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው።

የንግድ ጣቢያ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ብዙ ሰው የሚያየውን መደርደር ነው፣ በቃ። የሕዝብ ጣቢያ ግን ለብዙኃኑም ለጥቂቱም ነው። መስማት የተሳነው ሰው ዜናውን በምልክት ቋንቋ መከታተል አለበት። ሙዚቃ ወዳዱም፣ የፓርላማ ክርክር የሚከታተለውም የየራሱን ሰዓት ይጠብቃል። ጆን ሪዝ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቢቢሲን ሲመራ ያስያዛት «ማሳወቅ፣ ማስተማር፣ ማዝናናት» የምትለው መርሕ ላይ ዛሬም ብዙ ጣቢያ ይምላል። እኛም ሦስቱንም በአንድ ቀን ልናጭቅ ስንሟገት አንዲት ባልደረባችን «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ብላ ሳቀችብን። እውነቷን ነው። ግማሹን ዝግጅት ወደ እሑድ አሻገርነው።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ የፕሮግራም ስም አልጻፍኩም። በግራ ሰዓቱን፣ በቀኝ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ማን እንዳለና ምን እየሠራ እንደሆነ ጻፍኩ። ቅዳሜ ማለዳ ልጆች ከወላጆቻቸው ቀድመው ይነሳሉ፤ ስለዚህ የልጆች ዝግጅት። ረፋዱ ላይ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል እንጂ ፊቱ የሚቀመጥ የለም። ሰው ልብስ እያጠበ፣ ቤት እያጸዳ ነው። ጆሮው እንጂ ዓይኑ እኛ ጋ አይደለም። ለዚህ ሰዓት ወሬ ያለው ነገር ይሻላል፤ የጤና ጥያቄና መልስ፣ የመጻሕፍት ውይይት። ስለ ውቅያኖስ የተሠራ፣ ማንም ሳይናገርበት በምስል ብቻ ረጅም የሚጓዝ ግሩም ፊልም ነበረን። ረፋድ ላይ ቢገባ ባከነ ማለት ነው። ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም ወደሚልበት ሰዓት ወሰድኩት።

ስለ ሰዓትና ስለ ቤተሰብ ሳስብ አንድ የብሪታንያ ታሪክ ትዝ ይለኛል። እዚያ እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ድረስ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ሥርጭት አልነበረም። ምክንያቱ ወላጆች ትንንሾቹን ያለ ግብግብ እንዲያስተኙ ነው። አገር ሙሉ ልጅ ለማስተኛት ቴሌቪዥን ሲዘጋ አስቡት! ያ ቀረ፤ ዛሬ በዚያው አገር ያለው ደንብ ለልጆች የማይሆን ነገር ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት እንዳይታይ የሚከለክለው ነው። እኔም ከበድ ያለውን ድራማ ከ3 ሰዓት በኋላ አደረግኩት።

ቀጥሎ የማይነቃነቁትን ቸነከርኩ። የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና አንድ ሰከንድ አይገፋም። ስለዚህ የምሽቱን ክፍል የደለደልኩት ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው። ከዜናው በፊት ያለው የቀጥታ ውይይት 1 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ላይ ያልቃል። እስከ ዜናው 5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይቀራል። የመጀመሪያ ሐሳቤ አንድ አጭር ፊልም አስገብቼ መገላገል ነበር። ወረቀቱን ለማስተር ኮንትሮሉ፣ ማለትም ሥርጭቱ ወደ አየር ለሚለቀቅበት ክፍል፣ አንጋፋ ቴክኒሻን ሳሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ትልቅ ድንጋይ ብቻ አትስጠኝ። ጠጠርም ጨምርልኝ» አሉኝ።

«ስንት ጠጠር ይበቃዎታል ጋሼ?»

«ዜናው ፊት ሦስት አራት ካለልኝ እኔ እዘልቃለሁ።»

ቦታውን በታተንኩት። የ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አጭር ፊልም፣ የ45 ሰከንድ የጤና መልእክት፣ የ30 ሰከንድ ፕሮሞ (የሌላ ዝግጅት ማስተዋወቂያ)፣ የ35 ሰከንድ የአየር ሁኔታ፣ የ10 ሰከንድ የጣቢያው መለያ። ድምሩ ልክ 5 ከ40 ነው። በዕለቱ ውይይቱ 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ አለፈ። አቅራቢው እንግዳውን ማቋረጥ ይሉኝታ ይዞት ነው መሰለኝ። ጋሼ የጤና መልእክቱንና ፕሮሞውን ከፕሌይሊስቱ፣ ከሚተላለፉት ዝርዝር፣ ላይ አወጡ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ያው 1 ከ15 ነው። ዜናው በሰዓቱ ገባ፣ ተመልካች ምንም አላወቀም። አንድ ወጥ ፊልም ቢሆን ኖሮ መሀሉ ላይ መቁረጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም ቋሚ ሰዓት በፊት ሊነሱ የሚችሉ ቁርጥራጮች አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ የትኛው እንደሚነሳም አጠገቡ እጽፋለሁ፤ በዚያች ደቂቃ የሚያስብ ሰው የለም።

የፊልም ርዝመትም ሌላ ጣጣ ነው። ለሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተሠራ ፊልም በሰከንድ 25 ፍሬም በሚያሰራጭ ጣቢያ ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ ፈጠን ብሎ ነው የሚሄደው። 100 ደቂቃ የነበረው 96 ይሆናል። ሽፋኑ ላይ ያለውን አምኖ የደለደለ ሰው 4 ደቂቃ ባዶ አየር ይታቀፋል። እኔ ፋይሉን ሰርቨር ላይ ከፍቼ ከመጀመሪያው ፍሬም እስከ መጨረሻው ሳልለካ ምንም አላስገባም።

እግር ኳሱ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ያውም የጥሎ ማለፍ። 90 ደቂቃው፣ እረፍቱና የባከነው ሰዓት ይታሰባል። አቻ ከወጡ ግን 30 ደቂቃ ይጨመራል፣ ከዚያ ፍጹም ቅጣት ምት አለ። በ1968 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ጣቢያ የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሥርጭቱን ቆርጦ በመርሐ ግብሩ መሠረት የልጆች ፊልም ጀመረ። ሲመራ የነበረው ቡድን በቀረችው ደቂቃ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮበት ተሸነፈ። የጣቢያው ስልክ በተቆጪ ተጨናነቀ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ከጨዋታ በኋላ ሰዓቱን ጠብቆ የሚታይ ተከታታይ ድራማ አያስቀምጥም። እኔ ያስቀመጥኩት የሙዚቃ ዝግጅት ነው። ዘፈኖቹ ለየብቻቸው የተቀረጹ ስለሆኑ ሁለት ቢቀነስም ሦስት ቢጨመርም ማንም አይናደድም።

ጥቂት ተመልካች ያለው ዝግጅት የት ይግባ የሚለው ሙግት የትም ጣቢያ አለ። የተለመደው ዘዴ በሁለት ተወዳጅ ዝግጅቶች መሀል መወሸቅ ነው። እኔም ስለ ሥነ ሕንጻ የሚያወራውን በድራማውና በመጨረሻው ዜና መሀል ሸጎጥኩት። ዘዴው የሚሠራው ግን መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ከሌለ ብቻ ነው። በድራማው መጨረሻ ሦስት ፕሮሞ ከደረደሩበት ሰው ስልኩን ያነሳል፤ ያነሳ ሰው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ድራማው እንዳለቀ ያለ ምንም ማስተዋወቂያ ቀጥታ የሥነ ሕንጻው የመጀመሪያ ምስል እንዲገባ አደረግኩ። የማስተዋወቂያ ክፍሉ አኮረፈኝ። ይኩረፍ።

ድምፅም አለ። የልጆች መዝሙር ቤቱን አናግቶ ሲያበቃ ቀጣዩ አቅራቢ በሹክሹክታ ከጀመረ ሰው ሪሞቱን ፍለጋ ይነሳል። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ አማካዩ የድምፅ ጉልህነት −23 LUFS (የጉልህነት መለኪያ አሃድ) ላይ እንዲሆን ይላል። ሁሉንም ፋይል በዚያ አሳለፍኩት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ቀኑ የአንድ ጣቢያ እንጂ የተለቃቀመ የማይመስለው በእሱ ነው።

በማግሥቱ ያቀድኩትንና ሲስተሙ የመዘገበውን እውነተኛ ሥርጭት ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። የተዛነፈው ሁሉ የቀጥታ ሥርጭት አካባቢ ነው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ የቀጥታ ውይይቱን ከዜናው ፊት አንስቼ ወደ ረፋድ አመጣሁት፤ እዚያ ቢያልፍም የሚገፋው ቋሚ ሰዓት የለም። በእሱ ቦታ ተቀርጾ ያለቀ የጉዞ ዝግጅት ገባ። ጠጠሮቹን ግን አላነሳኋቸውም። ጋሼ አይፈቅዱም።