ዊንዶውስ በማክ ቤት ደባል ሲሆን፦ ከሬቪት ጋር ያሳለፍኩት አንድ ዓመት

ባለፈው ዓመት ቨርጂኒያ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ለፋሲካ ወደ አዲስ አበባ ልትመጣ ስትዘጋጅ ምን ላምጣልህ ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም «ለዲዛይን የሚሆን ጠንካራ ላፕቶፕ» ብቻ ብዬ መለስኩላት። እሷም ጠንካራ ነው ተብሎ ከተነገራት ሁሉ የተሻለውን መርጣ፣ ኤም 2 ፕሮሰሰርና 16 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ማክቡክ ይዛልኝ መጣች። ኮምፒውተሩ እጅግ ጥሩ ኮምፒውተር ነው። ይሁን እንጂ እኔ የምተዳደረው በሕንፃ ዲዛይን ነው፤ የምሠራበት አማካሪ ድርጅት ፕላኑንም፣ ሴክሽን የምንለውን የሕንፃውን ቁርጥ ሥዕልም፣ የበርና የመስኮት ዝርዝሩንም የሚያዘጋጀው በሬቪት ሶፍትዌር ነው፤ ሬቪት ደግሞ በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ እንጂ የማክ ቅጂ የለውም። ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ ስጦታ አይመለስም፤ ሸጦ ሌላ መግዛትም አልሆነልኝም። ስለዚህ ዊንዶውስን በማኩ ውስጥ በቨርቹዋል ማሽን አስገብቼ መሥራት ጀመርኩ። ይህን የምጽፈው በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉ ባልደረቦች ደጋግመው ስለጠየቁኝና በአንድ ዓመት ውስጥ ያየሁትን በቅደም ተከተል ለማስረዳት ስለፈለግሁ ነው።

በማክ ላይ በቀጥታ የሚሠራ የዲዛይን ሶፍትዌር የለም ማለቴ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልግለጽ። አርኪካድ ገና ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአፕል ኮምፒውተሮች ላይ ያደገ ሶፍትዌር ነው፤ አውቶካድም ለዓመታት ከማክ ርቆ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ተመልሷል፤ ስኬችአፕና ራይኖም የማክ ቅጂ አላቸው። ለብቻው የሚሠራ ሰው ከእነዚህ አንዱን መርጦ ያለ ችግር ሊኖር ይችላል። እኔን ያሰረኝ የባልደረቦቼ ፋይል ነው። የሬቪት ፋይል ወደ ሌላ ሶፍትዌር ሲሻገር በውስጡ ከያዘው ዕውቀት ከፊሉን ያጣል፤ ግድግዳው ግድግዳ መሆኑን፣ በሩም በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደተተከለ ሊረሳ ይችላል። በዚያ ላይ በአዲሱ ዓመት ቅጂ የተቀመጠ ፋይል በቀደመው ዓመት ቅጂ ጨርሶ አይከፈትም፤ ስለዚህ በአንድ ፕሮጀክት ላይ ያለ ቡድን ሁሉ በአንድ ቅጂ መሥራት ግዴታው ነው።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በሶፍትዌር የተሠራ፣ በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር ኮምፒውተር ነው። እኔ ለራሴ የማስበው እንደ ደባል አድርጌ ነው። ዊንዶውስ የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሚሞሪና የራሱ ዲስክ ያለው ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን ሁሉንም የሚጠቀመው ባለቤቱ ማክ በለቀቀለት መጠን ብቻ ነው። ይህ አኗኗር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ፣ ማኮች በኢንቴል ፕሮሰሰር ይሠሩ በነበረበት ዘመን፣ በጣም ምቹ ነበር፤ ባለቤቱም ደባሉም አንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበርና። ከፈለጉም ቡት ካምፕ በሚባለው መንገድ ማኩን አጥፍቶ ሙሉ በሙሉ በዊንዶውስ ማስነሳት ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ኤም 1 ሲመጣ ግን አፕል ቋንቋው ከኢንቴል ወደሚለየው አርም የተባለ የፕሮሰሰር ዓይነት ተሻገረ፤ ቡት ካምፕም በአዲሶቹ ማኮች ላይ ቀረ። ስለዚህ በድሮው ማክ ላይ የሠራ ሰው የሚሰጠው ምክር ለአዲሱ አይሆንም፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጊዜዬን ያባከንኩት የኢንቴል ዘመን መመሪያዎችን በማንበብ ነበር።

ዛሬ በእነዚህ ማኮች ላይ የሚገባው ለአርም የተዘጋጀው ዊንዶውስ 11 ነው። ማይክሮሶፍት ይህንን ዊንዶውስ ፓራለልስ ዴስክቶፕ በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር አማካይነት በማክ ላይ መጠቀምን በይፋ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ነው። ሬቪት ግን የተጻፈው ለኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ስለሆነ፣ ዊንዶውሱ በውስጡ ባለው አስተርጓሚ አማካይነት እያንዳንዱን ትእዛዝ ወደ አርም ቋንቋ እየተረጎመ ያስኬደዋል። ማለትም ሁለት ነገሮች ተደራርበው ይሠራሉ፤ ዊንዶውሱ በማኩ ውስጥ ደባል ነው፤ ሬቪቱ ደግሞ በዊንዶውሱ ውስጥ በአስተርጓሚ የሚናገር እንግዳ ነው። የሬቪት ባለቤት ኩባንያ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ይፋዊ ድጋፍ አይሰጥም፤ ይህንን ሳያውቅ ወደዚህ የሚገባ ሰው ችግር ሲገጥመው የሚጠይቀው አካል ያጣል።

አገባቡ ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። ከባዱ ዳታው ነው፤ ዊንዶውሱም ሬቪቱም በብዙ ጊጋባይት ይወርዳሉ፤ ከዚያ የዊንዶውስ ማሻሻያ ይከተላል። እኔ ሌሊት በቤት ዋይፋይ አወረድኩት። ወጪውን በተመለከተ፣ ፓራለልስ የሚከፈልበት ነው፤ የዊንዶውስ ፈቃድም ለብቻው ይገዛል። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ቪኤምዌር ፊውዥን እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ጀምሮ ለሁሉም ያለ ክፍያ ሆኗል፤ ዩቲኤም የተባለውም ነጻ ነው፤ ሆኖም ዩቲኤም ለዊንዶውስ ሦስት አቅጣጫ ያለውን ሥዕል የሚያፋጥን መንገድ ስለሌለው ለእኛ ሥራ አይሆንም።

በጥንቃቄ ማሰብ የሚያስፈልገው ሚሞሪ ሲከፋፈል ነው። የእነዚህ ማኮች ሚሞሪ በኋላ የሚጨመር አይደለም፤ ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ክፍልም የሚጠቀመው ከዚያው ከአንዱ ማኅደር ነው። ከ16ቱ ጊጋባይት 12ቱን ለዊንዶውስ ስሰጥ ማኩ ራሱ መተንፈሻ አጥቶ ሁለቱም ዘገዩ። 8 ስሰጥ ሚዛኑ ተስተካከለ፤ የፓራለልስ መደበኛው ቅጂም ከ8 ጊጋባይትና ከ4 ፕሮሰሰር በላይ አይፈቅድም። በዚህ ልክ አንድ ጂ+4 የመኖሪያ ሕንፃ ከነደረጃውና ከነጣሪያው ያለ ጭንቀት ሠርቻለሁ። በፕላንና በሴክሽን ላይ ስሠራ ዊንዶውሱ ደባል መሆኑን እስክረሳ ድረስ ይሄዳል። በሦስት አቅጣጫ እይታ ላይ ጥላ ከፍቼ ሕንፃውን ሳዞረው ግን መጎተቱ ይታያል፤ ምክንያቱም የሬቪት የሥዕል ትእዛዝ የዊንዶውስ የሥዕል ቋንቋ በሆነው በዳይሬክት ኤክስ 11 ተጽፎ በፓራለልስ በኩል ወደ ማኩ የሥዕል ቋንቋ መተርጎም አለበት። ስለዚህ ጥላውን አጥፍቼ፣ የማልሠራበትንም የሕንፃ ክፍል ሴክሽን ቦክስ በሚባለው የሬቪት መቁረጫ ሳጥን ቆርጬ እሠራለሁ። የብዙ ሕንፃዎች ግቢ የያዘ፣ የስትራክቸሩና የኤሌክትሪኩ ሞዴል የተያያዘበት ፋይል ሲመጣ ደግሞ በዚህ ኮምፒውተር ላይ አልከፍተውም፤ ቢሮ ሄጄ በዴስክቶፑ እሠራዋለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ የደረሰው ከፍጥነት ጋር በማይገናኝ ነገር ነው። ፓራለልስ የማኩን ዴስክቶፕና የሰነድ ፎልደር ለዊንዶውሱ ያጋራል፤ በዊንዶውሱ ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጥኩ ያልኩት ፋይል በእርግጥ የተቀመጠው በማኩ ላይ ነበር። ማኩ ደግሞ ቦታ ሲጠበው ቆየት ያሉ ፋይሎችን ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ልኮ በዲስኩ ላይ ስማቸውን ብቻ እንዲያስቀር ቅንብሩ በርቶ ነበር፤ እኔም አላጠፋሁትም። አንድ ቀን ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርብ ሥዕል ለማረም ቁጭ ስል መብራትም ኔትወርክም ጠፋ። ባትሪው ሙሉ ነበር፤ ሬቪቱም ተከፈተ፤ ፋሚሊ የምንላቸው፣ እንደ በርና መስኮት ያሉ ክፍሎችን የያዙት የሬቪት ፋይሎቼና የሁለት ሳምንት ሥራዬ ግን በኮምፒውተሩ ላይ አልነበሩም። ማታ ኔትወርኩ ሲመለስ ሁሉም ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋራቱን አጥፍቼ፣ የሬቪት ፋይሎችን በዊንዶውሱ የራሱ ዲስክ ውስጥ ብቻ አስቀምጣለሁ፤ ማታ ማታም ወደ ውጭ ዲስክ እገለብጣለሁ። ይህ አቀማመጥ ማስቀመጡንም አፍጥኖልኛል። ቨርቹዋል ማሽኑን ደግሞ ሬቪት ክፍት እንዳለ አቁሜ ማኩን አልዘጋም፤ በተለይ ከቡድኑ ጋር በጋራ ፋይል ላይ ስሠራ መጀመሪያ አመሳስዬ፣ ሬቪትን ዘግቼ፣ ከዚያ ነው የማቆመው።

ስለ ማውስና ስለ ኪቦርድ በአጭሩ ልናገር። ሬቪት መሃሉ ላይ የሚሽከረከር ጎማ ያለው ማውስ ይፈልጋል፤ ሥዕሉ የሚጎተተው ጎማውን ተጭኖ፣ ሕንፃው የሚዞረው ደግሞ ከሺፍት ጋር ተጭኖ ነው። ስለዚህ ተራ የዩኤስቢ ማውስ መግዛት ግድ ነው። በማኩ ኪቦርድ ላይ «ዲሊት» የተባለው ቁልፍ ወደ ኋላ የሚያጠፋው ስለሆነ የተመረጠውን ዕቃ ለማጥፋት ዲ እና ኢ የሚሉትን ፊደላት በተከታታይ መምታት ይቀላል። አውቶካድ ለሚጠቀሙም ኤፍ 3 እና ኤፍ 8 ማኩ ከሰጣቸው የራሱ ተግባር ነጻ እንዲሆኑ በማኩ ቅንብር ውስጥ መለወጥ አለባቸው።

ጨርሶ መፍትሔ ያላገኘሁለት ነገር የሶፍትዌር ቁልፍ፣ ማለትም ዶንግል ነው። አብሮኝ የሚሠራው የስትራክቸር መሐንዲስ ሒሳቡን የሚሠራበት ሶፍትዌር የሚከፈተው በዩኤስቢ በሚሰካ ቁልፍ ነው። በእኔ ኮምፒውተር ላይ አንድ ሒሳብ ሊያሳየኝ ፈልጎ ሲሰካው ዊንዶውሱ ዶንግሉን አየው፤ ሶፍትዌሩ ግን አላወቀውም። ምክንያቱን ለመረዳት ጥቂት ቀናት ወሰደብኝ። የዊንዶውሱ አስተርጓሚ የሚተረጉመው ተራ ፕሮግራሞችን ነው፤ ዕቃውን ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ጋር የሚያነጋግረውን ድራይቨር የተባለ ፕሮግራም ግን አይተረጉምም። ድራይቨሩ ለአርም ተብሎ ካልተሠራ አይገባም፤ ማንም ባለሙያ በቅንብር ሊያስተካክለው አይችልም። ለአንዳንድ የድሮ ፕሎተሮች፣ ማለትም ትልልቅ ሥዕል ማተሚያዎችም ይኸው ነው፤ ለእነሱ ግን መውጫ አለ፤ ከሬቪት ወደ ፒዲኤፍ አውጥቶ ከማኩ ወይም ከሌላ ኮምፒውተር ማተም ይቻላል።

በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ የፊደሉ ነገር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጉዳይ የጻፈ ሰው ስላላገኘሁ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። የሥዕሎቻችን ታይትል ብሎክ (የፕሮጀክቱና የባለቤቱ ስም የሚጻፍበት ሳጥን)፣ የክፍሎቹ ስምና ማብራሪያው ብዙ ጊዜ በአማርኛ ነው። በማኩ ላይ የጫንኩት የአማርኛ ኪቦርድ ወደ ዊንዶውሱ አይሻገርም፤ ዊንዶውሱ የራሱን ኪቦርድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በዊንዶውሱ የቋንቋ ቅንብር ውስጥ አማርኛን ጨመርኩ። ፎንቱም እንደዚሁ ነው። ማክ ለግእዝ ፊደል ከፋ የተባለ ፎንት አለው፤ በዊንዶውስ ላይ ግን የለም። ዊንዶውስ ኤብሪማ አለው፤ ብዙዎቻችን የለመድነው ኒያላ ግን በአዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ከተጨማሪ የግእዝ ፎንቶች ጋር ለብቻው ካልተጫነ አይገኝም። እኔ ይህን ሳልጭን የቢሮውን ታይትል ብሎክ ስከፍት ጽሑፉ በሌላ ፎንት ተተክቶ፣ የመስመሩ ስፋት ተለውጦ፣ የባለቤቱ ስም ከሳጥኑ ወጥቶ ነበር። ዩኒኮድ የተባለው የፊደላት የጋራ መለያ ከመስፋፋቱ በፊት በነበሩት የግእዝ ሶፍትዌሮች የተጻፉ የድሮ የአውቶካድ ሥዕሎች ደግሞ ፎንቱ ከሌለ በላቲን ፊደል የተዘበራረቀ ጽሑፍ ሆነው ይታያሉ። አሁን በቢሯችን ለአዳዲስ ሥራ በሁለቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ላይ በነጻ የሚጫነውን አቢሲኒካ የተባለ ፎንት እንድንጠቀም ተስማምተናል፤ ከዚያ ወዲህ የማንኛችንም ሥዕል በሌላው ኮምፒውተር ላይ አልተበላሸም።

ለሕንፃ ምስል ማቅረቢያ፣ ሬንደር ለምንለው ሥራ፣ ቨርቹዋል ማሽኑን አልጠቀምም። ሉሚየን የተባለው የሬንደር ሶፍትዌር የራሱ ጠንካራ የስክሪን ካርድ ያለው የዊንዶውስ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ትዊንሞሽን የተባለው ግን የማክ ቅጂ ስላለው ሞዴሉን ከሬቪት አውጥቼ በቀጥታ በማኩ ላይ እሠራበታለሁ፤ በዚህ ጊዜ ዊንዶውሱን ዘግቼ 16ቱንም ጊጋባይት ለማኩ እለቅለታለሁ።

ባለፈው ወር እህቴ እንደገና ደወለች። የአጎታችን ልጅ ልደታ ባለው የሕንፃ ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ገብቷል፤ ለእሱም እንደ እኔ ያለ ማክ ልትገዛለት አስባ ነበር። ስልኩን ከዘጋን በኋላ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «እትዬ፣ ለልጁ ማክ አትግዢለት። የእኔ ይሠራል፤ ከእጄም አይወጣም፤ ነገር ግን እኔ የከበደኝን የምከፍትበት የቢሮ ኮምፒውተር አለኝ፤ እሱ የለውም። የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር፣ የኤንቪዲያ የስክሪን ካርድና 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ ፈልጊለት። ከመክፈልሽ በፊት የዕቃውን ዝርዝር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።»