የቆርቆሮው ድስት

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ዛሬ ቅዳም ሥዑር ነው፤ ቤቱ ቁሌት ቁሌት ይሸታል፣ እኔም እንደ ልማዴ ከሽንኩርቱ ሸሽቼ ስልኬን ይዣለሁ።

በጾሙ መሐል አንድ ቅዳሜ ከዊቺታ ተነሥቼ ፒልሰን ወደምትባል የካንሳስ መንደር ሄጄ ነበር። ከተማ ለማለት ይከብዳል። የቼክ ስደተኞች ያቀኗት፣ ዙሪያዋ እርሻ የሆነ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ጉልላት ከሩቅ የሚታይ መንደር ናት። ሐውልቱ ያለው እዚያው ግቢ ነው፦ አንድ ቄስ ቁስለኛ ወታደር ደግፎ። ቄሱ አባ ኤሚል ካፖን ይባላል፤ በ1916 (ቀኖቹም ዓመቶቹም በፈረንጅ ናቸው) ከዚያው ከገበሬ ቤት የተወለደ፣ ኋላ የአሜሪካ ጦር ቄስ ሆኖ ኮሪያ የዘመተ።

ኅዳር 1950 ኡንሳን ላይ የቻይና ጦር ከበባቸው። ማምለጥ ይችል ነበር፤ ቁስለኞቹን ትቼ አልሄድም ብሎ ቀረና ተያዘ። ወዲያው አንድ እግሩ የተመታ ሳጅን ወድቆ፣ ጠላት ጠመንጃ ደቅኖበት አየ። ሄደ፣ አፈሙዙን በእጁ ገፋ አደረገ፣ ሰውየውን ብድግ አድርጎ ተሸከመው። ባለ ጠመንጃውም ዝም ብሎ አሳለፋቸው።

እኔ ኮሪያ የዘመተውን የእኛን ጦር፣ የቃኘውን ታሪክ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። «አንድም ሰው አላስማረክንም» ሲባል ደረቴ ይነፋል፤ አሁንም ይነፋል። ግን በዚያው ልክ፣ ሳላውቀው፣ ምርኮኛን እንደ ጎደለ ሰው ማየት ለምጄ ኖሯል። ሐውልቱ ፊት ቆሜ ያፈርሁት በዚህ ነው። ሰውየው ወድዶ ነው የተማረከው።

ፒዮክቶንግ በሚባለው የምርኮኞች ካምፕ ቆርቆሮ በድንጋይ እየቀጠቀጠ ድስት ይሠራ ነበር። ምናለሽ ተራ ያለፈ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። በዚያ ድስት ውሃ አፍልቶ ለሕመምተኞቹ ያጠጣል፣ ተቅማጥ የጣላቸውን ሰዎች ልብስ ያጥባል። ሌሊት ደግሞ ከጠባቂዎቹ እህል ይሰርቃል! ከመውጣቱ በፊት የሚለምነው ማንን መሰላችሁ? ፈያታዊ ዘየማንን፣ ከጌታ በቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ። ሳቄ መጣ፤ ለሌብነት ከእሱ የተሻለ አማላጅ ከየት ይገኛል? ትናንት በስግደቱ «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ» ስንል ግን አልሳቅሁም። ጨለማ ውስጥ የበቆሎ ከረጢት የሚዳብስ ቄስ ነበር የሚታየኝ።

መጋቢት 25 ቀን 1951 የእነሱ ፋሲካ ነበር። ኅብስት የለም፣ ወይን የለም፣ ስለዚህ ቅዳሴ የለም። እሱ ግን ጠባቂዎቹ እያዩት ምርኮኞቹን ሰብስቦ ጸሎት አደረሰ። ሁለት ወር አልቆየም። ታመመ፣ እስረኞቹ «የሞት ቤት» ወደሚሉት ወሰዱት፣ ግንቦት 23 ቀን በ35 ዓመቱ ሞተ። ቃኘው ፑሳን ወደብ የደረሰው በዚያው ወር ነው።

«የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን። ከሞተ በኋላ እዚያ ካምፕ የገባ አንድ አይሁዳዊ አብራሪ ነበር። ካፖንን በዓይኑ አላየውም፤ ሌሎቹ ሲያወሩ ብቻ ሰምቶ ለመታሰቢያው ከእንጨት ስቅለት ቀረጸለት። ምርኮኞቹ በ1953 ሲፈቱ ይዘውት ወጡ፤ ዛሬ ዊቺታ ነው ያለው። የራሱ የካፖን አፅም ግን በ2021 ነው የታወቀው፣ ከ70 ዓመት በኋላ። ሃዋይ ውስጥ ስማቸው ካልታወቀ ወታደሮች ጋር ተቀብሮ ነበር።

ዛሬ ሌሊት «ዐሠሮ ለሰይጣን፣ አግዐዞ ለአዳም» ሲባል፣ በየእስር ቤቱ ያላችሁትን፣ በየበረሃው ታግታችሁ ቤተሰቦቻችሁ ገንዘብ የሚለምኑላችሁን አስባለሁ። ስማችሁን አላውቀውም፤ እናታችሁ ግን ዛሬም ቄጤማ አስራ ስልክ ትጠብቃለች።

በሉ፣ ሽንኩርቱ ሊያር ነው እየተባልሁ ነው። መልካም ፋሲካ!