ከአንድ ከረጢት አራት ጊዜ እንጉዳይ

የመጀመሪያውን ከረጢት የጣልኩት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ቆሻሻ ገንዳው ድረስ እንኳን አልወሰድኩትም። ዝናቡ በርትቶ ስለነበር ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ፣ ግንቡ ሥር አስቀምጬው ሮጬ ተመለስኩ። ነገ እወስደዋለሁ አልኩ። የዚህ ዓይነቷን «ነገ» መቼም ታውቋታላችሁ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከሥራ ስገባ ዘበኛችን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ያ የጣልሽው ነገር የጅብ ጥላ አበቀለ!»

ሄጄ አየሁት። ሁለት እጅ ሙሉ የሚሆን እንጉዳይ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ጠርዙ እንደ ጆሮ የታጠፈ። ቤቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለማመጠው እምቢ ያለኝ ከረጢት ነው እንግዲህ። አባባ ራቅ ብለው በዱላቸው እየጠቆሙ «እንዳትነኪው፣ ይገድላል» ይላሉ። አልበላሁትም። የጅብ ጥላ ይሆናል ብዬ ሳይሆን የፎቁ ፍሳሽ ሲወርድበት ስለሰነበተ ነው። ደግሞ ውጭ የተጣለ ነገር ላይ ሌላ የማላውቀው ዘር አብሮ ሊበቅል ይችላል። ግን ቆሜ ብዙ አየሁት። እኔ ያልሰጠሁትን ምን ሰጠው?

ወደኋላ ልመልሳችሁ። ከረጢቱን የገዛሁት ግንቦት ላይ ከአንድ እንጉዳይ አምራች ነው። ኦይስተር የሚባለው ዓይነት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያመርተው እሱ ነው። በላስቲክ የታሸገ የጥጥ ፍሬ ገለባና ሰጋቱራ ነው፤ የእንጉዳዩ ነጭ ክር ውስጡን ሞልቶት ከውጭ ሲታይ ዳቦ ይመስላል። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ። ሰውየው «በምላጭ ቅደጂው፣ ውሃ እርጪበት፣ ሦስት ጊዜ ያፈራልሻል» ብሎ ሸኘኝ። ሦስቴ እንዴት እንደሚያፈራ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

መጀመሪያ ላይ ሻወር ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁበት። እርጥበት ይወዳል ሲባል ሰምቼ ነዋ። ሲበቅል ግንዱ እንደ ጧፍ ረዘመ፣ ባርኔጣው ደግሞ የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች። እንጉዳይ እንደ እኛ ይተነፍሳል። የተቃጠለው አየር መውጫ ሲያጣ ንጹሕ አየር ፍለጋ አንገቱን ይመዛል። በሩን ከፈት ሳደርግለት የቀሩት ትንሽ ተስተካከሉ። 290 ግራም ለቀምኩ። «ለቀምኩ» ስል በቢላዋ ከሥሩ ከፍ አድርጌ ቆረጥኩ ማለቴ ነው። ይሄም ስህተት ነበር፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ያው ልመና ነው። ጠዋትና ማታ እንደ ጠበል እረጨዋለሁ። ምንም የለም። ተቆርጦ የቀረው ጉቶ ቢጫ ሆኖ ለሰለሰ፣ ጥቃቅን ዝንቦች መጡበት፣ ከጎኑ አረንጓዴ ነጥብ ታየች። አለቀለት ብዬ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን አባባ ነግረዋችኋል።

መልሱን ያገኘሁት ከመጥበሻ ላይ ነው። ከገበያ ገዝቼ እየጠበስኩ ነበር። እንጉዳይ ጠብሶ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ዘይት ሳይነካው መጥበሻው በውሃ ይሞላል። ድስት ሙሉ የነበረው ጭልፋ የማይሞላ ይሆናል። እንጉዳይ ከአሥር እጅ ዘጠኝ እጁ ውሃ ነው። ታዲያ እኔ 290 ግራም ስለቅም ከዚያ ከረጢት ውስጥ ከ260 ግራም በላይ ውሃ ይዤ ወጥቻለሁ ማለት ነው። የመለስኩለት ግን ላስቲኩ ላይ የተንጠባጠበ ርጭት ነው። የክረምቱ ዝናብ የሰጠው ሌላ ምንም አይደለም፤ ያጣውን ውሃ ነው የመለሰለት።

ሁለተኛውን ከረጢት ጥር ላይ ገዛሁ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት እንዲጀምርልኝ ፈልጌ ነው። ሰዓቱ ለእንጉዳይ ጥሩም መጥፎም ነው። ኦይስተር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ደስ ብሎት ያፈራል፣ የጥር ቤቴም እንደዚያው ነው። አየሩ ግን ደረቅ ነው። የታጠበ ልብስ ግማሽ ቀን ሳይሞላው የሚደርቅበት ወር መሆኑን አትርሱ።

በዚህኛው ዙር አንድ አዲስ ነገር አደረግኩ። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አወጣሁትና ማቀዝቀዣው በር ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩ፦ ጥር 20፣ 2,480 ግራም።

በአልኮል በጠረግኩት ምላጭ ላስቲኩ ላይ የመስቀል ቅርጽ ቀደድኩ፤ አንድ ቦታ ብቻ፣ ርዝመቱ የጣት ያህል። ሻወር ቤቱ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። ፀሐይ በቀጥታ አይነካውም፣ ብርሃን ግን ያገኛል። በሩ ቀኑን ሙሉ ገርበብ ብሎ ይውላል። ከላይ ሰፊ ፌስታል እንደ ድንኳን አለበስኩት፣ ፌስታሉን ደግሞ በሹካ በሳሳሁት። ውሃ የምረጨው ፌስታሉ ግድግዳ ላይ እንጂ እንጉዳዩ ላይ አይደለም። በቀን ሦስቴ፣ ሥራ ከሄድኩ ሁለቴ።

በስድስተኛው ቀን ቀዳዳው አፍ ላይ የክብሪት ራስ የሚያካክሉ ጥቋቁር ነጥቦች ታዩ። መጀመሪያ ሻጋታ መስሎኝ ደነገጥኩ። በማግስቱ ግንድ አወጡ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እጥፍ ነው፤ ጠዋት አውራ ጣት የነበረው በማግስቱ እንቁላል ያክላል፣ ከዚያ መዳፍ። የሚገርም ነው፣ ጥርሴን እየፋቅኩ ነበር የማየው።

መቼ ይለቀም የሚለው ላይ ቸኩሉ እንጂ አትዘግዩ። ጠርዙ ገና ወደ ታች ጎበጥ እንዳለ ነው መልቀም ያለባችሁ። ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ፣ ወይም ወደ ላይ ከተገለበጠ አልፎበታል። ያኔ ነጭ ብናኝ ይለቃል። የመጀመሪያው ጊዜ ልብስ ማጠቢያ ማሽኔ ላይ ዱቄት የተነፋ መስሎ ነበር፤ እኔም ሁለት ቀን አሳለኝ። ብናኙ ደረት የሚያስቸግረው ሰው አለ፣ አስም ያለበት ቤት ከሆነ ይሄ ቀልድ አይደለም።

በ11ኛው ቀን፣ የካቲት 1፣ ለቀምኩ። ቢላዋ የለም። ሙሉውን እቅፍ ከሥሩ ይዤ አንዴ ጠምዘዝ ሳደርገው ቋ ብሎ ከነሥሩ ተነሳ። 380 ግራም። የቀረውን ቁርጥራጭ በማንኪያ እየፋቅኩ አወጣሁት፤ እንደ ቁስል አጸዳሁት ብል ይቀላል። ያ ለስላሳ ጉቶ ነው ባለፈው የበሰበሰው። ዝንቡንም ሻጋታውንም የጠራው እሱ ነው።

ከረጢቱን ከለቀምኩ በኋላ መዘንኩት። 1,920። ስንት እንደጎደለ ተመልከቱ። 560 ግራም ነው። 380ው እንጉዳይ ሆኖ ወጣ፤ የቀረው ተነነ፣ የተወሰነውም በትንፋሽ ሄደ። ይሄን ቁጥር ያየ ሰው በርጭት ይመለሳል ብሎ አያስብም።

አንድ ሳምንት ተውኩት። ቀዳዳውን ላስቲክ ሸፈን አድርጌ፣ ሳልረጨው፣ ሳልነካው። ክሩ በዚህ ጊዜ ራሱን ይሰበስባል፤ የተፋቀው ቦታ መልሶ ነጭ ሲለብስ ይታያል። ትዕግሥት የለኝምና ከሁሉም የከበደኝ ይህ ሳምንት ነበር።

ከዚያ ነከርኩት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ትልቁን ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ሞላሁና ከረጢቱን ከነላስቲኩ፣ ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ ከተትኩት። ይንሳፈፋል። የድስት ክዳን ጫንኩበት፣ አሁንም ይንሳፈፋል። ሙቀጫውን ከላይ ስጭንበት ጸጥ አለ። የእናቴ ሙቀጫ ነው፣ እንጉዳይ ሲያሰጥም አድሬያለሁ ብላት ምን እንደምትል አላውቅም። ሌሊቱን ስምንት ሰዓት ያህል ከቆየ በቂ ነው። ቀኑን ሙሉ አትተዉት፣ ክሩ አየር አጥቶ ይታፈናል። ጠዋት አውጥቼ ዕቃ ማጠቢያው ላይ አንድ ሰዓት አንጠፈጠፍኩት። የነከርኩበት ውሃ ሻይ መስሏል። እሱን ለበረንዳው የጥብስ ቅጠል ሰጠሁት፤ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ አይደፋም።

ሚዛን ላይ፦ 2,270። 350 ግራም ጠጥቷል።

በ13ኛው ቀን ሁለተኛው ምርት ደረሰ። 240 ግራም፣ ልክ በዘወረደ ሳምንት። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ከዚያው ከበረንዳው የጥብስ ቅጠል። እንጉዳዩ መጀመሪያ ብቻውን ብረት ድስት ላይ የራሱን ውሃ ይጨርስ፣ ዘይቱ ከዚያ ይምጣ። ቀድማችሁ ዘይት ካደረጋችሁ ጥብስ ሳይሆን ወጥ ነው የምትበሉት።

ለሦስተኛው ያንኑ ነገር ደገምኩ፤ መፋቅ፣ አንድ ሳምንት፣ ባልዲ፣ ሙቀጫ። አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩ። የፊቱን ቀዳዳ በፕላስተር ዘጋሁና ከረጢቱን አዙሬ በጀርባው አዲስ ቀደድኩ። የፊቱ በኩል ሁለቴ አፍርቶ ሰርጉዶ ነበር፣ ጀርባው ግን ገና ጠንካራና ነጭ ነው። 130 ግራም ሰጠኝ። አራተኛው 45። እሱን ምርት ማለት ያሳፍራል፣ ለአንድ ሰው ፍርፍር ጣል የሚደረግ ነው። ግን መጣ።

በመካከል አረንጓዴ ነገር አንዴ ታይቶኛል፣ ሦስተኛውን ከለቀምኩ በኋላ። ትራይኮደርማ የሚባል ሻጋታ ነው፤ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ይመጣና በኋላ አረንጓዴ ዱቄት ይሆናል። የሳንቲም ያህል ስለነበረ ከዙሪያው ጤነኛውንም ጨምሬ በማንኪያ ቆፍሬ አወጣሁት፣ ማንኪያውን በበረኪና አጠብኩ። ከዚያ የበለጠ ቢሆን ኖሮ ሌላ ከረጢት አጠገብ አላስቀምጠውም ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ እየፈረፈሩ ማየት ክልክል ነው፣ ብናኙ ይበተናል። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ከነከራችሁት በኋላ ከላስቲኩ ሥር ቢጫ ውሃ ሊጠራቀም ይችላል። ያ ሻጋታ አይደለም። ከሥር በመርፌ ወጋ አድርጋችሁ አፍስሱት።

ሲደመር 795 ግራም። ከመጀመሪያው ከረጢት ያገኘሁት 290 ነበር። ሰውየው ሦስቴ ያፈራል ሲለኝ እውነቱን ነው፤ ግን ሦስቱ እኩል ናቸው ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይከፋዋል። እየቀነሰ ነው የሚሄደው። እንጉዳዩ የሚበላው ምግብ ገለባው ራሱ ነው፣ ውሃ ይመለሳል፣ ገለባው አይመለስም። እንደ ጉሽና ቅራሪ አስቡት። ለዚህ ነው አሁን ሁለት ከረጢት በአንድ ቀን የማልጀምረው። አንዱን ስነክር የሌላውን ላስቲክ እቀድዳለሁ። አንዱ ሲያርፍ አንዱ ያፈራል።

አራተኛውን ከለቀምኩ በኋላ ገለባውን ላስቲኩን ገፍፌ ለአባባ ወሰድኩላቸው። ከግንቡ ሥር ጎመን ተክለዋል። ተጠራጠሩ፣ አሸተቱት፣ ከአፈሩ ጋር ቀላቀሉት። እንጉዳዩን ግን እስካሁን አይቀምሱም። ባለፈው ጥብስ በሳህን ይዤላቸው ወርጄ ነበር።

«ልጄ፣ የጅብ ጥላ በእኔ ዕድሜ አይጀመርም» አሉና መለሱልኝ።

ክረምት ሲገባ ግን አንድ የደከመ ከረጢት ሳልጥለው ግንቡ ሥር አስቀምጬ ነበር። ዝናቡ ሦስት ቀን ቀረ። ጠዋት ስወጣ አባባ የላስቲክ ጆጓቸውን ይዘው ጎመኑን ያጠጣሉ፤ ጨረሱና የቀረችውን ዞር ብለው ከረጢቱ ላይ አፈሰሷት።