ሱማሌ ተራ ላይ አልከፈት ያለው ድረ ገጽ

የመኪና መለዋወጫ ለሚያስመጣ ድርጅት ድረ ገጽ ሠራሁ። ሱቁ ሱማሌ ተራ ነው። መካኒኩ ዕቃው መኖሩንና ዋጋውን ከስልኩ ላይ እንዲያይ ነበር ሐሳቡ። ዳታቤዙም ዶሜኑም ያለ ጣጣ አለቀ። ያቃጠለኝ ሌላ ነው፦ ገጹ ሰርቨር ላይ ተሠርቶ ይላክ ወይስ ስልኩ ላይ በጃቫስክሪፕት (ብሮውዘሩ ውስጥ በሚሠራ ኮድ) ይገጣጠም?

እኔ ሰርቨር ላይ ይሁን አልኩ። ያለው ዝርዝርና መፈለጊያ ብቻ ነው። የአይቲ ኃላፊው ግን «ዘመኑ የሪአክት ነው» ብለው ድርቅ አሉ፤ ገጹን ስልኩ ላይ የሚገጣጥመው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ማለታቸው ነው። ሪአክት እኮ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው ብላቸው ማን ሰምቶኝ! ሠራሁላቸው። ርክክቡ ቢሮአቸው ውስጥ፣ በዋይፋይ፣ በራሳቸው አይፎን ሆነ። ብልጭ ብሎ ተከፈተ።

ከዚያ ስልክ ይደወል ጀመር። የደወሉት መካኒኮች ዳታ ለመቆጠብ ኦፔራ ሚኒ የሚጠቀሙ ናቸው። ይህ ብሮውዘር ቁጠባው ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሲሆን ገጹን የሚከፍተው በኦፔራ ሰርቨር ላይ ነው። ጃቫስክሪፕቱን ለአፍታ ይጠብቅና የደረሰበትን ጨምቆ ወደ ስልኩ ይልካል። የኛ ገጽ ደግሞ መጀመሪያ የሚልከው ባዶ ኤችቲኤምኤል (የገጹ አጽም) ነው፤ ዕቃው ኋላ ነው የሚመጣው። «ወንድሜ፣ የቪትዝ ፍሬን ሸራ ብፈልግ ነጭ ወረቀት አሳየኝ» አለኝ አንዱ። ኃላፊው «ኔትወርክ ነው» አሉ። ኔትወርክ! ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍም የዕቃው ስምና ፎቶ አይወጣም፤ ቴሌግራም ቅድመ እይታውን ሲያዘጋጅ ጃቫስክሪፕት አያሠራማ። «ስልካቸው አሮጌ ነው» አሉ ደግሞ። ደንበኛውን ስልክ ቀይር ሊሉት ነው እንግዲህ።

ነገሩ የቆመው ባለቤቱ ራሳቸው በሱቅ ሠራተኛቸው ስልክ ሞክረው ነጩን ገጽ ሲያዩ ነው። ገጹን ሰርቨር ላይ በሚሠራው በጃንጎ እንደገና ሠራሁት። ገጹ ዕቃውን ይዞ ይመጣል። ዕቃ ስትፈልጉ ውጤቱን ብቻ የሚቀይረው ኤችቲኤምኤክስ የሚባል ትንሽ የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ነው፤ እሱ ባይሠራም ፎርሙ እንደ ተራ ፎርም ይላካል።

የሪአክት ሰነድ አዲስ ሥራ በፍሬምወርክ (በተዘጋጀ የሥራ ማዕቀፍ) ጀምሩ ይላል። ከነዚህ አንዱ ኔክስት ጄኤስ ገጹን ሰርቨር ላይ ስለሚሠራ ነጩን ገጽ ይፈታው ነበር። ለዝርዝርና ለፎርም ግን እሱንም አልመክርም፤ ጃቫስክሪፕቱ ተከትሎ መውረዱና ዳታ መብላቱ አይቀርም። የመጋዘኑን ዳሽቦርድ (መቆጣጠሪያ ገጽ) ግን በሪአክት ተውኩት። ሠራተኛዋ ጠዋት ከፍታ ማታ ነው የምትዘጋው፤ አንዴ ከወረደ እንደ ልቧ ታጣራበታለች።

ለድጋሚው ሥራ ክፍያ ስንጨቃጨቅ ከረምን። አሁን ርክክቡ በየትኛው ስልክና በየትኛው ብሮውዘር እንደሚደረግ ውሉ ላይ ሳይጻፍ አልፈርምም። እናንተም አትፈርሙ።